አሥራ አንድ ለዘጠኝ

አሥራ አንድ ለዘጠኝ አሸንፌዋለሁ። ደባርቅ ውስጥ እሱን ያሸነፈ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ይህንን ግን አንድም ቀን አፌን ሞልቼ ተናግሬው አላውቅም። እንዴት ብዬ ልናገር? በዚያች ቅዳሜ የእሱ፣ የልብስ ሰፊው፣ እናት ዳባት ላይ በሞት አፋፍ ተኝተው ልጃቸውን ይጠሩ ነበር፤ እኔ ደግሞ የተጠራበትን መልእክት ይዤ ከልጃቸው ጋር ጨዋታ እጫወት ነበር። ሌላ ሰው አድርጎት ቢሆን ኖሮ ስሙ ሲነሣ ምራቄን የምተፋበት ነገር ነው።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው። እኔ የደባርቅ ስልክ ቤት ስልከኛ ነበርኩ፤ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ምላሷ የማያርፍ፣ መሸነፍ የማይሆንላት። የዚያን ጊዜ ስልክ እንደ ዛሬው አይደለም። ከጎንደርም ከዳባትም የደወለ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው። የሚፈለገው ሰው ቤቱ ስልክ ከሌለው፣ ማለትም ከተማው በሙሉ፣ መልእክቱን ተቀብዬ እኔው አደርሳለሁ። ስለዚህ የማን ልጅ ፈተና እንደወደቀ፣ የማን ሚስት ኮብልላ የት እንደገባች ከሁሉ ቀድሜ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ሰው ይፈራኝ ነበር። ደስ ይለኝም ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

ጨዋታው የመጣው በጭነት መኪና ነው። አሥመራ የነበረው የፈረንጅ ወታደሮች ሰፈር ሲፈታ ዕቃው በሐራጅ ተሸጠ አሉ። አንድ ሾፌር ከዚያ ዕቃ መሀል ቁም ሳጥን የሚያህል ነገር ገዝቶ፣ ጎንደር ላለ ሆቴል ሊሸጠው ሊማሊሞን ሲወጣ መኪናው ተሰበረበት። ተጎትቶ ደባርቅ ገባ። ሳጥኑንም ለቀበሌው መዝናኛ ክበብ በአደራ ሰጥቶ፣ «እስክመለስ ተጫወቱበት፤ ብቻ እንዳትሰብሩብኝ» ብሎ ሄደ። ከዚያ መንገዱ ተዘጋና ለወራት ቀረ።

ሳጥኑ ፊት ለፊቱ ላይ ቴሌቪዥን የመሰለ መስታወት አለው። ሲያበሩት ጥቁር ነው፤ መሀሉ ላይ የተቆራረጠ ነጭ መስመር፣ ግራና ቀኝ አንድ አንድ አጭር ነጭ ዱላ፣ በሁለቱ መሀል የምትመላለስ አንዲት ነጭ ነጥብ። ከሥር የራዲዮ ድምፅ መጨመሪያ የመሰሉ ሁለት ማዞሪያዎች አሉ፤ አንዱ ያንተ፣ አንዱ የባላጋራህ። ስታዞረው ዱላህ ይወጣል፣ ይወርዳል። ነጥቧን መልሰህ መምታት ነው፤ ካመለጠችህ ለእሱ አንድ ይቆጠርለታል፤ አሥራ አንድ ቀድሞ የሞላ አሸነፈ። በቃ፣ ይኸው ነው። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ነጥቧ በተመላለሰች ቁጥር እየፈጠነች ትሄዳለች፣ በዱላው ጫፍ ከመታሃት ደግሞ ባልጠበቅኸው በኩል ትሾልካለች። የከተማው ሰው «የሳጥን ገና» ብሎ ስም አወጣለት፤ ነጥቧንም እንደ ገናው ኳስ «ሩር» አሏት። አንድ ቄስ ሳይቀሩ መጥተው ጥቂት ቆመው አዩና፣ «ይኸማ ገና ነው፤ ጠቡ ብቻ ነው የጎደለው» ብለው ሄዱ። ጠቡን እኛ ጨመርንበት።

ኤሌክትሪኩ የሚሳበው ከጎን ካለው ወፍጮ ቤት ነበር። ስለዚህ የምንጫወተው ወፍጮው በሚሠራበት በገበያ ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ወፍጮው ብዙ ገብስ ሲጨመርበት ሥዕሉ ይኮማተራል። ያኔ ተጫዋቹ ማዞሪያውን ሳይለቅ ወደ ወፍጮ ቤቱ አንገቱን ያሰግግና «እናንተ ሰዎች፣ ቀነስ አድርጉት እንጂ» ይላል። እህል ሊያስፈጩ ከጊች ድረስ በበቅሎ የመጡ ባላገሮች፣ አንድ ነጥብ ለማሳደድ ጎረምሳ ሁሉ ሲያልበው እያዩ ይስቁብን ነበር።

ልብስ ሰፊው የዚህ ጨዋታ ንጉሥ ነበር። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። «ጋሼ» እለዋለሁ እንጂ እንደ እኩያ ነው የምንነቋቆረው። ቀኑን ሙሉ ጨርቅ በመርፌ ሥር ሲገፋ የሚውል ሰው ስለሆነ እጁ አይቸኩልም፤ ሩሯ ብትበርም እሱ ጠብቆ ነው የሚነካት። እኔን «ሽቦዋ» ይለኛል። በየቅዳሜው ያሸንፈኛል፤ አንዴ በሦስት፣ አንዴ በአምስት ይተወኛል። «አይዞሽ ሽቦዋ፣ ሴት ልጅ አምስት ማግባቷም ተአምር ነው» ይለኛል፤ ሰዉ ይስቃል። እሱ ለጨዋታ ነው የሚለው። እኔ ግን ቤቴ ገብቼም አምስት፣ አምስት ስል አድር ነበር።

አንድ ቀን ታዲያ አንድ ነገር ደረስኩበት። ዱላው እስከ ላይ አይደርስም። የቱንም ያህል ብታዞረው ከመስታወቱ አናት ጣት የምታህል ክፍተት ትቀራለች፤ ሩሯ በዚያች ከገባች ማንም አይመልሳትም። ከብዙ ዓመታት በኋላ አዲስ አበባ፣ የእህቴ ልጅ የድሮ ጨዋታዎችን ሰብስቦ ሲያሳየኝ ያንን ሳጥን አገኘሁት። ከዚህ ዓይነት ጨዋታ ቀደምት ከሆኑት አንዱ ነው አለኝ። ግንብ በኳስ የሚያፈርሰውንም፣ ሰማይ ላይ ድንጋይ እየተኮሱ የሚፈረካክሱበትንም በኋላ የሠራው ያው ድርጅት ነው አለ። ክፍተቷንም ሠሪዎቹ ያውቋት ነበር አሉ፤ ጨዋታው ማለቂያ እንዳያጣ ብለው ተዉአት። ልጁ ይህን ሁሉ በደስታ ሲያስረዳኝ እኔ ተነሥቼ ወጥ አማስላለሁ ብዬ ወደ ማድ ቤት ገባሁ።

መንገዱ ሲከፈት ሾፌሩ ከጎንደር ደወለ፤ እሑድ መጥቶ ሳጥኑን ይጭናል። እንግዲህ የቀረችን አንዲት ቅዳሜ ነች። ለልብስ ሰፊው በሰው ፊት «የፊታችን ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ይለይልን» አልኩት። ሳቀና «እሺ ሽቦዋ፣ ለስንብት ስድስት አስገባሻለሁ» አለኝ። ሳምንቱን ሙሉ ከተማው ይህንኑ ሲያወራ ሰነበተ።

ቅዳሜ ስልክ ቤቱ ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ይዘጋል። ለስምንት ጥቂት ሲቀረው ልቤ ክበቡ ደርሶ እኔ ገና ወንበሬ ላይ ሳለሁ ከዳባት ተደወለ። የልብስ ሰፊው እህት ነች። «እናታችን አሟታል። ዛሬውኑ ተነሥቶ ይምጣ በዪልኝ። እየጠራችው ነው» አለችና የያዘችውን መነጋገሪያ ለዳባቱ ስልከኛ መልሳ ሄደች።

በእኛ አገር የሞተ ሰው በስልክ አይሞትም። ይታመማል። «አባትህን ጠና ብሎታል»፣ «እናትሽን ትንሽ አሟታል፣ ብቅ በዪ» ይባላል፤ ሰውየው ሲደርስ ድንኳን ተተክሎ ያገኛል። ሞትን በድንገት መንገር ነውር ነው። እኔ በዚያች ወንበር ላይ ይህን መሳይ ጥሪ ስንቱን ተቀብያለሁ፤ አንዱም እውነተኛ ሕመም ሆኖ አያውቅም። እንዲህ ያለው ሲመጣ ወረቀቱን ለባለቤቱ አልሰጥም። ለዕድሩ ዳኛ እነግራለሁ፤ እሳቸው ሽማግሌ ሰብስበው በማግስቱ ጎህ ሲቀድ መርዶውን ይነግራሉ። እስከዚያ ሰውየው ይብላ፣ ይተኛ ይባላል፤ ከመርዶ በኋላ የሚበላ የለምና።

ስለዚህ ሞተዋል ብዬ አሰብኩ። እስከዚህ ድረስ ማንም የሚያስበው ነው፤ በዚህ አልከሰስም። ነገር ግን የዳባቱ ስልከኛ ገና ከመስመሩ አልወረደም ነበር። «ሌላ አለሽ?» አለኝ። ዳባት ትንሽ ከተማ ናት፤ ማን እንደሞተ ማን እንደታመመ እሱ ያውቃል። «ሴትዮዋ አርፈዋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው፣ አንዲት ጥያቄ። ቃሉ ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። «አሉ» ቢለኝስ? በሕይወት ካሉ ልብስ ሰፊው አሁኑኑ ይነሣል፤ ከገበያ የሚመለሱት መኪኖች ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ወደ ዳባት ይወርዳሉ፣ በአንዱ ይሳፈራል፤ ሳጥኑ ነገ ይሄዳል፤ እኔም በአምስት እንደተሸነፍኩ እቀራለሁ። ይህን ሁሉ አስቤዋለሁ። ቶሎ ነው ያሰብኩት፣ ግን አስቤዋለሁ። «የለኝም» አልኩትና ገመዱን ነቀልኩ።

የዕድሩን ዳኛ ወፍጮ ቤቱ ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ ሲናገሩ ቃሉን አንድ በአንድ እየመረጡ ነው። ነገሩን በጆሯቸው ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ትኩር ብለው አዩኝ።

«አረጋግጠሻል ወይ፣ ልጄ? አንዳንዴ እውነተኛ ሕመምም አለ እኮ።»

ዐይኔን በጨው አጥቤ «አዎ አባባ፣ አረጋግጫለሁ» አልኳቸው።

«እንግዲያውስ ነፍሷን ይማር» አሉ። «ዛሬ ይዋልበት። ነገ ማለዳ እኛ እንነግረዋለን።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ክበቡ በሰው ተጨናነቀ። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጣ፤ «ዛሬ ልኬትሽን ወስጄ ነው የምሸኝሽ» አለኝ። ሽማግሌው ከጥግ ቆመው ያዩት ነበር፣ በሐዘን ዐይን። አንድ ወንበር አስመጥተው «ተቀመጥ ልጄ፣ አትድከም» አሉት። እሱ ግራ ገባውና «ምነው አባባ፣ ገና ሳልሸነፍ አስተዛዘኑኝ» ብሎ ቀለደ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

መጀመሪያ አምስት ለአንድ መራኝ። ከዚያ ሩሯን ወደ ላይ ወደ ክፍተቷ መላክ ጀመርኩ። አንድ፤ ሁለት፤ ሦስት። ዱላውን እስከ መጨረሻ ያዞራል፣ አይደርስለትም። «ይቺ ሽቦ ዛሬ ምን ነካት» ይላል። ስምንት ለስምንት ስንሆን ላቡን እየጠረገ፣ «እናቴ እንዲህ ሆኜ ብታየኝ የሰው ጨርቅ ቆልለህ ሳጥን ታሳድዳለህ ብላ በኩርኩም ነበር የምትለኝ። በሳምንቱ እሄድላታለሁ፤ አዲስ ቀሚስ ሰፍቼላታለሁ» አለ።

እዚህ ላይ እጄ ተንቀጠቀጠ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አልተንቀጠቀጠም። ያዘንኩለትም መስሎኝ ነበር፤ «ምስኪን፣ ነገ ያለቅሳል፤ ዛሬ እንኳን ልሸነፍለት ይሆን?» ብዬ አመነታሁ። ደግነቴን ያሳየሁት በዚህ ነበር እንግዲህ፣ ልተውለት በማለት። እሱንም አላደረግሁትም። ወፍጮው ገብስ ጎረሰና ሥዕሉ ሲኮማተር እሱ ወደ ጎን ዞር አለ፤ እኔ ዐይኔን አልነቀልኩም፤ ዘጠነኛዋንና አሥረኛዋን አከታትዬ አገባሁ። እሱ አንድ ጨመረ። ከዚያ አሥራ አንደኛዋን በክፍተቷ ላክኋት።

ክበቡ በጩኸት ተናወጠ። ሴቶቹ ከወፍጮ ቤት ወጥተው እልል አሉልኝ። ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ አውልቆ እኔ አንገት ላይ አጠለቀልኝና «ተሸነፍኩ፤ ከዛሬ ጀምሮ ሽቦዋ አልልሽም» አለ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እዚያው ስወደስ ቆየሁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ወደ ዳባት የሚወርዱት መኪኖች አንድ በአንድ አለፉ፤ ድምፃቸው ይሰማኝ ነበር።

ስልክ ቤቱን ከፍቼ ሳልቀመጥ ተደወለ። እህትየው ነች። «ተነሣ? መንገድ ላይ ነው? ዐይኗ በር ላይ ነው፤ መጣ ወይ ትለኛለች» አለችኝ።

«አሉ እንዴ?» አልኳት።

«ምን ማለትሽ ነው? አለች እንጂ። ስሙን ነው የምትጠራው» አለች።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም፤ ጫማዬ በር ላይ ቀርቶ ነበር። የልብስ ሰፊው ሱቅ ስደርስ እሱ ጨርቅ ያጣጥፋል። ወደ ዳባት የሚወስደው ኬላ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ማለዳ ሰውም መኪናም አያልፍም። ጊዜ ነበረን፣ ትንሽ ቢሆንም ነበረን። «ጋሼ፣ እናትህን አሟቸዋል፤ አሁኑኑ ተነሥ፣ እየጠሩህ ነው» አልኩት።

ፊቱ አመድ መሰለ። እሱም የእኛው አገር ሰው ነው። እኔ ከቀትር በኋላ የሰማሁትን ነው አሁን እሱም የሰማው። መሬት ላይ ተቀምጦ «ወይኔ እናቴ» አለና ደረቱን መምታት ጀመረ። «አልሞቱም! በሕይወት አሉ!» አልኩት። «ማርያምን፣ አሉ! እህትህን አሁን ነው ያነጋገርኳት!» ማን ይመነኝ? እንዲህ ብሎ የማይምል መርዶ ነጋሪ የለም። ጎረቤቱ ጩኸቱን ሰምቶ ተሰበሰበ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አደግድገው ሙሾ ጀመሩ። እኔ በመሀላቸው እየዞርኩ «አልሞቱም» እላለሁ፤ እነሱ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» እያሉ እኔንም ያባብሉኛል። ሽማግሌው በምርኩዝ እየተጣደፉ መጡ። ዐይኔን አዩና ሁሉም ነገር ገባቸው። እሳቸው ናቸው ክንዱን ይዘው «ተነሥ ልጄ፣ እውነቷን ነው፤ እናትህ አለች» ብለው ያስነሡት። የእሳቸውን ቃል አመነ።

ኬላው ስንደርስ ገመዱ ተወጥሯል። ይለፍ ወረቀት የለውም፤ ቢኖረውም ሰዓቱ አልፏል። ጠባቂው ክፉ ሰው አልነበረም፤ «ወንድሜ፣ ባሳልፍህ ከፊት ያሉት ይተኩሱብሃል» አለው። ልብስ ሰፊው ቀሚሱን የያዘበትን ጥቅል እንዳቀፈ ገመዱ ሥር ተቀመጠ። እዚያው አደረ። ጎህ ሲቀድ በመጀመሪያው መኪና ሄደ፤ እናቱ ዶሮ ሲጮኽ አርፈው ነበር።

በዚያው እሑድ ሾፌሩ መጥቶ ሳጥኑን ሲጭን ሊያየው የወጣ ሰው አልነበረም።

በሣልስቱ ከዕድርተኞቹ ጋር ዳባት ወረድኩ። ባልሄድ ይታወቅብኛል ብዬ ነው የሄድኩት፤ ሐዘኑ አይደለም የወሰደኝ። ድንኳኑ ሙሉ ነው። ልብስ ሰፊው ራሱን ተላጭቶ በወንዶቹ መሀል ተቀምጧል። ተቀምጠን ብዙም ሳንቆይ ሽማግሌው ተነሥተው ወጡ። ሲመለሱ ከአጥሩ ሥር ያነሡትን ድንጋይ አንገታቸው ላይ ተሸክመዋል። ልጃቸው በሚሆን ሰው ፊት ሄደው ተንበረከኩ።

«ልጄ፣ ስልኩ የመጣው ከቀትር በኋላ ነው» አሉ። «ጊዜ ነበረህ፤ ትደርስባት ነበር። ሞታለች ብዬ እስከ ነገ ይቆይ ያልኩ እኔ ነኝ። ሳላረጋግጥ ነው ያልኩት። በእናትህ አፅም ማረኝ።»

ሳላረጋግጥ ሲሉ ድምፃቸው ዝቅ አላለም። ወደ እኔም አልዞሩም። ቢዞሩ ይሻለኝ ነበር። ተነሥቼ «እኔ ነኝ፤ ጠይቀውኝ ነበር፤ ዋሸኋቸው» ማለት ነበረብኝ። አሥር እርምጃ አይሆንም። እግሮቼን ወደ ነጠላዬ ውስጥ ሰበሰብኩ። ልብስ ሰፊው ዘሎ ተነሣና ድንጋዩን ከአንገታቸው አወረደ፤ ጉልበታቸውን ስሞ «አባባ ይተዉ፤ እኔም ብሆን ሞታለች ነበር የምለው፤ ልማዳችን ነው የበደለን» አላቸው። ተቃቅፈው አለቀሱ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔ አልጠራም። ሽማግሌው ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖሩ። በመንገድ ስንገናኝ «ደኅና ነሽ ልጄ» ይሉኛል፤ ሌላ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም፤ እኔም አላልኳቸውም።

ድንኳኑ ውስጥ ግን ገና ነበርኩ። አንዲት ቀጭን ሴት በሴቶቹ መሀል ንፍሮ እያደለች መጣች። ከጎኔ ካለችው ሴት ጋር ሰላምታ ስለዋወጥ ድምፄን ሰምታ ኖሮ አጠገቤ ስትደርስ ቆመች። «አንቺ ነሽ ስልከኛዋ?» አለችኝ። በድምጿ አወቅኋት፣ እህትየው ነች። «በባዶ እግርሽ ሮጠሽ እንደነገርሽው ነግሮኛል። እግዜር ይስጥልኝ እህቴ» አለችና ከሌላው ሰው ድርሻ አብልጣ በሁለት እጇ ዘገነችልኝ። እኔም እጄን ዘርግቼ ተቀበልኳት፤ ፊቷን እያየሁ በላሁ።